ዳክዬ ከሚጠሩ ሰዎች ጋር፦ ከስቱትጋርት እስከ ሪልፉት ሐይቅ

ረቡዕ፣ ከሜምፊስ ወደ ስቱትጋርት

ዳክዬ አደን ላይ ቀላሉ ነገር መተኮሱ ነው። ከባዱ ወፏን በራሷ ድምፅ አግባብቶ ከሰማይ ማውረድ ነው። ይህን የነገረኝ ሜምፊስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ብርዱ ሲገባ ግን ልቡ ያለው ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ፣ አርካንሳስ ነው። ዘንድሮ የገና ጾም እንደተፈታ ደወለልኝና “ወሬውን ከምነግርህ መጥተህ በጆሮህ ስማው” አለኝ። እኔም የጥሪውን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ማወቅ እፈልግ ነበርና ሄድኩ።

ጠመንጃ አልያዝኩም። ፈቃዱን ግን አወጣሁ። “ዳክዬ መጥራትም ከአደን ይቆጠራል” ስላለኝ መጥሪያ አፌ ላይ ከማድረጌ በፊት ወረቀቴን አሟላሁ። ከወረቀቶቹ አንዱ የፌዴራሉ የዳክዬ ቴምብር ነው። ዋጋው 25 ዶላር ነው። ከ1934 ጀምሮ ይሸጣል (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ረግረጋማ መሬት ለመግዛትና ለመጠበቅ ይውላል። ይህን ሕግ ወድጄዋለሁ። አዳኙ ራሱ ወፏ የምታርፍበትን መሬት ይከፍላል።

ወንዙን ተሻግረን በኢንተርስቴት 40 ወደ ምዕራብ ነዳን። ብሪንክሊ ላይ ወደ ደቡብ ታጠፍን። ክላረንደን ላይ ዋይት ሪቨርን ተሻገርን። ከዚያ በኋላ መሬቱ ሜዳ ነው። ግራንድ ፕሬሪ ይሉታል። ግራና ቀኙ የሩዝ ማሳ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሚመረተው ሩዝ ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከአርካንሳስ ነው። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ብዙ ገበሬ ማሳውን መልሶ በውሃ ያጥለቀልቀዋል። የረገፈው ፍሬ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ከካናዳና ከሰሜኑ ሜዳ ብርድ ሸሽቶ የሚመጣው ዳክዬ ይህን ያውቃል። የሚሲሲፒን ሸለቆ ተከትሎ እዚህ ይወርዳል። ስቱትጋርት ራሷን የዓለም የሩዝና የዳክዬ መዲና ብላ የምትጠራው በዚህ ነው።

የአክስቴ ልጅ ተወልዶ ያደገው ወረታ፣ ፎገራ ነው። ሩዝ ለእሱ እንግዳ አይደለም። “ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ወፍ ሳባርር ነው የምውለው” አለኝ መሪውን እንደያዘ። “ወንጭፍ ይዘህ፣ ጮኸህ፣ ቆርቆሮ ደብድበህ። ወፍ መጥራት የተማርኩት እዚህ መጥቼ ነው።”

ያረፍነው መጥራት ያስተማሩት ሰው ቤት ነው። ጡረታ የወጡ የሩዝ ገበሬ ናቸው። እሱ “ጋሼ” ይላቸዋል። እሳቸውም ለምደውታል። ራት ከተበላ በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መጥሪያቸውን ፈታትተው አሳዩኝ።

ዕቃው ትንሽ ነው፣ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ሁለት ቁራጭ ነው። አንዱ አፍ የሚያርፍበት ቱቦ ነው። ሌላው ቱቦው ውስጥ ይሰካል። የሚሰካው ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ምላስ ተኝታለች። ከኋላዋ በቡሽ ሽብልቅ ተይዛለች። ትንፋሽ ሲያልፍ ምላሷ ትርገበገባለች። ድምፁ ከዚያ ይወጣል። አንድ ምላስ ያለው መጥሪያ ከሹክሹክታ እስከ ጩኸት ይሄዳል፣ ግን ትንፋሽን መግራት ይጠይቃል። ሁለት ተደራራቢ ምላስ ያለው ለጀማሪ ይቀላል። ድምፁም ሻከር ይላል፣ ዳክዬ ዳክዬ ይሸታል። ጩኸቱ ግን ሩቅ አይደርስም።

ጋሼ ከቦርሳቸው የ1 ዶላር ኖት አወጡ። አጠፉትና በምላሷ ሥር አስገብተው ቀስ አድርገው ሳቡት። ኖቱ ረጥቦ ወጣ። ምራቅ ነው። ምራቅ ሲጠራቀም ምላሷ ትጣበቃለች። ብርዱ ሲጠና ደግሞ እዚያው ትረጋለች። ድምፁ እምቢ የሚለው ታዲያ ወፏ ራስህ ላይ ስትደርስ ነው። አዳኞቹ መጥሪያቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ጃኬታቸው ውስጥ የሚከቱት ለዚህ ነው።

ትንፋሹ ከጉንጭ አይመጣም። ከሆድ ነው። መነጽር ለመወልወል ሃህ ብለን እንደምንተነፍሰው ነው። በዚያ ትንፋሽ ላይ ምላስህን አንስተህ ድምፁን ትቆርጠዋለህ። ካልቆረጥከው ቋክ አይሆንም፣ ዝም ብሎ ይንጫጫል። ጋሼ ጨረስኩ ያልኩትን ድምፅ እየሰሙ “መጨረሻውን ቁረጠው፣ ቁረጠው” እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ አብረውኝ ተቀመጡ።

ቋክ የምትለው እንስቷ ናት። እዚህ ሁሉም የሚጠራው ማላርድ የሚባለውን ዳክዬ ነው። የማላርድ ወንዱ ጭንቅላቱ አረንጓዴ ነው፣ ድምፁ ግን የታፈነ፣ አፍንጫ አፍንጫ የሚል ነው። ስለዚህ መጥሪያው የሚቀዳው የእንስቷን ንግግር ነው። ሩቅ ላለ ወፍ ረጅምና ጮክ ያለ ጥሪ አለ። ቀረብ ላለው አምስት ያህል ቋክ ያለው ሰላምታ አለ። ከላይ ጀምሮ እየወረደ ይሄዳል። ፊቱን ላዞረ መንጋ “ተመለሱ” የሚል ፈጠን ያለ ጥሪ አለ። ውሃ ላይ ተረጋግተው ሲበሉ ደግሞ ታካ-ታካ-ታካ ይላሉ። ከዚያም አንድ እንስት ብቻዋን ሆና አልፎ አልፎ የምትለው ቋክ አለ። ቋክ። ቆይታ ደግሞ ቋክ። ጋሼ ከሁሉ የሚወዱት ይህንን ነው።

ከተማዋ የዓለም ዳክዬ አጠራር ሻምፒዮና የሚደረግባት ናት። ከ1936 ጀምሮ በየዓመቱ፣ በታንክስጊቪንግ፣ በምስጋና በዓላቸው ሳምንት ይካሄዳል። የመጀመሪያው ሽልማት የአደን ኮት ነበር። ተወዳዳሪው 90 ሰከንድ ብቻ አለው። በዚያ ውስጥ ከሩቅ መጥራቱን፣ መመገቡን፣ መመለሱን ሁሉ ማሳየት አለበት። የስቱትጋርቷ ፓት ፒኮክ በ1955 እና በ1956 ወንዶቹን ሁሉ አስከትላ አሸንፋለች። ይህን ሲያነሱ የጋሼ ፊት ይበራል። ግን ቀጥለው አንድ ነገር አስረገጡኝ። መድረክ ላይ የሚያሸልመው ጥሪ ለዳኛ ጆሮ የተሠራ ነው። ጫካ ውስጥ እንዲያ ከጮህክ የሚሰማህ ባዶ ሰማይ ነው። “ነገ ጠዋት አፌን ሳይሆን ክንፋቸውን እያየህ ስማ” ብለው ወደ መኝታቸው ገቡ።

ሐሙስ፣ ውሃ የሞላው ደን

ሌሊት 10 ሰዓት ተነሳን። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጋሼና ጓደኞቻቸው የሚከራዩት የግል ደን አለ። ባዩ ሚቶ የሚባለው የሕዝብ የአደን ቦታም ከዚያ አይርቅም። ትንሽ ጀልባ ይዘን ገባን። ቀጥሎ ወርደን እስከ ደረት በሚደርስ የጎማ ሱሪ በእግር ሄድን። ውሃው እስከ ጭን ነው። ታቹ ሥርና ግንድ ስለሆነ እግርን እየጎተቱ ነው የሚሄዱት።

ዛፎቹ ኦክ ናቸው። ፍሬያቸው ትንሽ ነው፣ ዳክዬ ውጦት ይሄዳል። ውሃው ሲመጣ ወፉ ዛፍ ሥር ገብቶ የረገፈውን ፍሬ ይበላል። ሰው ከመላው አሜሪካ እዚህ የሚጎርፈው ለዚህ ነው። ማላርድ ቅርንጫፍ መሐል እየተሽሎከለከ ሲወርድ የሚታይበት ቦታ ብዙ የለም። ነገር ግን ደኑ ታምሟል። ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው ሳይተኙ፣ ገና ብርዱ ሳይገባ ውሃ ሲለቀቅባቸው ኖረው ሥራቸው ተጎድቷል። የአርካንሳስ የዱር እንስሳትና ዓሣ ኮሚሽን አሁን በሕዝብ ደኖቹ ውስጥ ውሃ የሚለቅበትን ጊዜ ወደ ኋላ እየገፋ ነው። አንዳንድ አዳኝ ይህን አይወደውም። ጋሼ ግን “ዛፉ ከሞተ ማን ይመጣል?” ይላሉ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ዛፎቹ መሐል ገላጣ ቦታ ነበር። ጥቂት የፕላስቲክ ማታለያ ዳክዬዎች ተንሳፈፉ። እያንዳንዳችን ግንድ ተደገፍን፣ በጥላው በኩል። ኮፍያችንን ወደ ታች ሳብን። የሰው ፊት ከላይ ሲታይ ያበራል። ወፏ ከሁሉ በፊት የምታየው እሱን ነው።

መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ጨለማ ሁሉ ዝም ብለን እውነተኛዎቹን አዳመጥን። ከደኑ ውስጥ እንስቶች ይነጋገራሉ። እንደጠበቅኩት አይንጫጩም። አንዷ ሁለት ሦስት ጊዜ ትላለች፣ ረዥም ዝምታ ይሆናል፣ ሌላዋ ከሩቅ ትመልሳለች። ጋሼ በእጃቸው ወደ ጆሮዬ ጠቆሙ። የዛሬው ትምህርት ይህ ነው ማለታቸው ነው። በዚህ ማለዳ ደኑ ምን ያህል እያወራ ነው? አንተም ያን ያህል ታወራለህ።

የመጀመሪያው መንጋ ሃያ የሚሆን ማላርድ ነበር። ከቅርንጫፎቹ በላይ አለፈ። ጋሼ ምንም አላሉም። ወደኛ እየመጣ ያለን ወፍ አይጠሩም። አፍህን የሚያየው ያኔ ነው። አልፈውን ጭራቸው ሲታይ ግን መጥሪያው ተነሳ። አምስት ቋክ፣ ፈጠን ያሉ፣ ግን ለስላሳ። ደኑ ራሱ ድምፁን ይዞ ያስተጋባዋል። ጉልበት አያስፈልግም። የመንጋው መሪ ክንፏን አዘነበለች፣ ሌሎቹ ተከተሏት። ዞሩ።

የአክስቴ ልጅ ያኔ ታካ-ታካውን ጀመረ። በጣም ዝግ ባለ ድምፅ። በአንድ እግሩ ውሃውን ይመታል። ማታለያዎቹ በማዕበሉ ይወዛወዛሉ። ከላይ ለሚያይ ወፍ የቆመ ውሃ ላይ የማይነቃነቅ ዳክዬ ጥርጣሬ ነው። የሚንቀሳቀስ ውሃ ግን ሰላም ነው። መንጋው ሁለተኛ ዞረ። በዚህ ዙር ትንሽ ዝቅ አለ። ጥግ ላይ ሲደርሱ ጋሼ ሁለት ቋክ ጣል አደረጉ። ሁለት ብቻ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ክንፋቸው ቆመ። መምታት አቆሙ፣ ዘርግተው ያዙት፣ እግራቸው ወደ ፊት ወጣ። ሁለቱም መጥሪያዎች በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ይህን ነው ለማየት የመጣሁት። ያ ዝምታ ከጥሪው የበለጠ ችሎታ ይጠይቃል ብዬ አምናለሁ። ወፎቹ እየመጡልህ፣ ልብህ እየደለቀ፣ መጥሪያው ከንፈርህ ላይ ሆኖ አለመንፋት! ማላርዶቹ ቅርንጫፍ መሐል እየተገለባበጡ፣ አየር እያፏጩ ወረዱ። ከዚያ ተኩሱ ሆነ። የጋሼ ጥቁር ውሻ የወደቁትን አንድ በአንድ ለቅማ አመጣች።

ሕጉ ጥብቅ ነው። በቀን ለአንድ ሰው 6 ዳክዬ ነው። ከእነዚያ ማላርድ ከ4 አይበልጥም። እንስት ማላርድ ደግሞ ከ2። ስለዚህ አዳኝ ከመተኮሱ በፊት ወንዱን ከሴቷ መለየት አለበት። በጥሪ ዝቅ ብላ የመጣች ወፍ በደንብ ትታያለች። ጥሩ ጥሪ የሚጠቅመው ለዚህም ነው። ቅርብ የመጣች ወፍ ቆስላ አታመልጥም፣ በስህተትም አትመታም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠራ። የሚመጣው ወፍ አነሰ። ጋሼ የሩቁን ጥሪ ጨርሰው ተዉት። ያቺን ብቸኛ እንስት ብቻ ይናገሩ ጀመር። ቋክ። ቆይተው ቋክ። ጥንድ ማላርድ አንዴም ሳይዞሩ ቀጥ ብለው መጡ።

ዓርብ፣ የሩዝ ማሳ

የዛሬው ሌላ ዓለም ነው። ግንድ የለም፣ ጥላ የለም። ማሳው ድንበር ላይ መሬት ተቆፍሮ የብረት ሳጥን ተቀብሯል። እዚያ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ላያችን በሩዝ ገለባ ተሸፍኗል። ነፋሱ ከሰሜን ይነፍሳል፣ ፊት ይቆርጣል።

ጋሼ የትናንቱን የእንጨት መጥሪያ እቤት ትተውታል። ዛሬ ያንጠለጠሉት አክሪሊክ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። እንጨት ድምፁን ያለሰልሰዋል፣ ለደን ጥሩ ነው። አክሪሊክ ጥርት ያለና ስል ነው። ነፋሱን ሰንጥቆ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ድምፅ የሚመልስ ዛፍ የለም፣ ነፋሱም ግማሹን ይበላዋል። ወፉ የሚያልፈው ከፍ ብሎና ርቆ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀልቡን መሳብ አለብህ። ጋሼ ረጅሙን የሩቅ ጥሪ ከሆዳቸው አውጥተው ሲለቁት ሳጥኑ ውስጥ ጆሮዬ ጮኸ።

አንድ ነገር ልብ አልኩ። ጩኸቱ የሚቆየው ወፎቹ ዞር እስኪሉ ብቻ ነው። ፊታቸውን ካዞሩ በኋላ ጋሼ ድምፁን ደረጃ በደረጃ ያወርዱታል። መንጋው በቀረበ ቁጥር ጥሪው ያንሳል። ዳክዬ የሚያርፈው ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ስለሆነ፣ ከማሳው በታች በነፋሱ አቅጣጫ ወርዶ ይዞራል። ብዙ ጊዜ ሐሳቡን የሚቀይረው እዚያች ጥግ ላይ ነው። መጠራት ያለበትም እዚያው ነው።

ከጎረቤት ማሳ ሌሎች አዳኞች ነበሩ። ሳያቋርጡ ይነፋሉ። ወፍ ሲመጣም፣ ሲሄድም፣ ራሳቸው ላይ ሆኖም። መንጋ እያየን ወደ እነሱ ወረደና ድንገት ሽቅብ ተፈተለከ። ጥር ላይ ዳክዬዎቹ ነቄ ሆነዋል። ከካናዳ ድንበር ጀምሮ በየውሃው ይህንኑ ድምፅ ሲሰሙ ነው የመጡት። ከተጠሩበት ቦታ ያመለጡም አሉ። የወቅቱ መጀመሪያ ላይ የሚሠራ ጩኸት በጥር ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

ረፋዱ ላይ ዝዬዎች መጡ። ግንባራቸው ነጭ የሆነው፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ያለው ዓይነት ነው። እዚህ ስፔክ ይሏቸዋል። የእነሱ ጥሪ ከዳክዬው ጋር አይገናኝም። ሌላ መጥሪያ ነው፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀጭን ድምፅ፣ ከታች ወደ ላይ የሚሰበር። ከሁሉም ደስ ያለኝ አካሄዱ ነው። ስፔክ ስትናገር ትመልስላታለህ። ሁለት ካለች ሁለት፣ ሦስት ካለች ሦስት። ስትዘገይ ትዘገያለህ። የአክስቴ ልጅ በዚህ ከጋሼ ይበልጣል፣ ጋሼም አይክዱም። አንዲት ዝዬ ከሩቅ ጀምሮ እየተቀባበለችው ማሳው ላይ እስክትደርስ ወሬያቸው አልተቋረጠም።

በረዶማ ነጭ ዝዬዎችም በሺዎች ከሩቅ አለፉ። ለእነሱ አፍ አይበቃም። ቁጥራቸው በዝቶ የሰሜኑን ሣር ስለሚያጠፉ ከ1999 ጀምሮ በተለየ ወቅት በኤሌክትሮኒክ ድምፅ መጥራት ተፈቅዷል። ለዳክዬ ግን በማሽን መጥራት ክልክል ነው። ድሮ እውነተኛ የቤት ዳክዬ አስረው ነበር የሚጠሩት። እሱም በ1935 ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር የወደቀው በሰው ትንፋሽ ላይ ነው። እኔ ትክክል ነው እላለሁ። ወፏን ለማምጣት ወፏን መማር ግድ ሲሆን ሰው ያከብራታል።

ከሰዓት በኋላ ጋሼን ተሰናብተን ወደ ሰሜን ነዳን።

ቅዳሜ፣ ሪልፉት ሐይቅ

ቴነሲ፣ በሰሜን ምዕራብ ጥግ። በ1811 እና በ1812 በተከሰተው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ መሬቱ ሰምጦ ውሃ የሞላው ሐይቅ ነው። ያኔ የሰመጠው ደን ጉቶ እስካሁን ከውሃው ሥር አለ። ጀልባ የሚነዳ ሰው መንገዱን ካላወቀ አይደፍርም። ዛሬ እኔ ሰሚ ብቻ ነኝ። የቴነሲ ፈቃድ የለኝም፣ የአክስቴ ልጅ ግን የአገሩ ሰው ነው።

የሄድንበት ማድፈጫ ቤት በሉት። ውሃ ላይ የቆመ፣ በቅርንጫፍ የተሸፈነ ነው። ውስጡ አግዳሚ ወንበርና ምድጃ አለ። ቤከን ይጠበሳል፣ ቡና ይፈላል። ከፊት ለፊቱ በመቶ የሚቆጠር ማታለያ ተዘርግቷል።

ሰዎቹ የያዙት መጥሪያ ትልቅ ነው። ምላሱ ከብረት ነው። የሪልፉት ዓይነት ይባላል፣ የዚህ ሐይቅ ሰዎች ለራሳቸው ውሃ ያወጡት ነው። ድምፁ ከባድና ሻካራ ነው፣ ብዙ ትንፋሽ ይበላል። ሰፊው ውሃ ላይ ነጥብ የምታህል ወፍ ስትታይ ሦስት ሰው አንድ ላይ ይጀምራል። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይቀጥላል። አያቋርጡም። ከሐሙስ ትምህርት ጋር ፈጽሞ ይቃረናል። ግን ይሠራል! ምክንያቱን ከማድፈጫው ባለቤት ጠየቅኩ። እዚህ ወፏ ኪሎሜትር ርቃ ነው የምትታየው። ሐይቁ ሙሉ ደግሞ ሌሎች ማድፈጫዎች አሉ፣ ሁሉም ይጠራል። ዝም ያለ ሰው ባዶ ውሃ ይመስላል። አንድ ዳክዬ ሳይሆን በሺህ የሚቆጠር መንጋ የሰፈረበት ቦታ መምሰል አለብህ። በሺህ የሚቆጠር መንጋ ደግሞ ዝም አይልም።

አንዳንድ የአርካንሳስ ሰው የሪልፉትን አጠራር ይንቀዋል። እኔ አልንቅም። እንዲያውም የጋሼን ቃል እዚህ ነው በደንብ የገባኝ። እነዚህ ሰዎችም ክንፉን ነው የሚያዩት። መንጋው ማታለያዎቹ ዳር ደርሶ ክንፉን ሲዘረጋ ሁለቱ አቆሙ። አንዱ ብቻ ታካ-ታካውን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። ጸጥታው ሙሉ አይደለም፣ ግን ለውጡ ያው ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ የደኑን እመርጣለሁ። ለጆሮም ለልብም ይቀርባል።

እሁድ፣ ሜምፊስ

ቅዳሴ ሄድን። አደን የለም። ማታ አክስቴ ከወረታ ደወለች። “ዳክዬ ነው የምትበሉት?” ብላ ልጇን አፋጠጠችው። በኛ ባህል የውሃ ወፍ አይበላም፣ እሱም እስካሁን አልለመደውም። ያመጣውን ሥጋ ለሥራ ባልደረቦቹ ነው የሚሰጠው። እነሱ በሽንኩርትና በቋሊማ ጋምቦ የሚባል ወጥ ይሠሩበታል። “አንዲትም አትጣልም እማዬ” አላት። ለእሷ ይህ በቂ ነበር።

ሰኞ፣ የወንዝ ቅሪት

የመጨረሻው ቦታ ትንሽ ነው። ወደ አርካንሳስ ተመለስን። ወንዝ መንገዱን ሲቀይር ትቶት የሄደው ጠባብ ውሃ ነው። የአንድ ገበሬ መሬት ነው፣ እንድንገባ ፈቅዶልናል። ነፋስ የለም። ዳር ዳሩ ላይ ስስ በረዶ ይዟል። የአክስቴ ልጅ በእግሩ ሰብሮ ለማታለያዎቹ ቦታ ከፈተ። ስድስት ማታለያ ብቻ ነው ያስቀመጠው።

እንዲህ ባለ ማለዳ ድምፅ በውሃው ላይ ይንሸራተታል። ሳል እንኳ ሩቅ ይሰማል። የዳክዬ መጥሪያውን ከአንገቱ አላወረደም፣ ግን ከአንድ ሁለት ቋክ በላይ አልተጠቀመበትም። የዛሬው ዕቃ ፉጨት ነው። አውራ ጣት የምታህል፣ ርካሽ ፕላስቲክ። ብዙ ሰው ይንቃታል።

ሁሉም ዳክዬ ቋክ አይልም። ዉድ ዳክ የሚባለው፣ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ የሚፈለፈለው ውብ ወፍ፣ ሲበር ቀጭን የሚወጣ ፉጨት አለው። እሱን መጥራት ብዙም አይሠራም። ገና ሳይነጋ በጥድፊያ ያልፋል፣ ወደሚሄድበት ያውቃል። ቀድመህ መንገዱ ላይ መገኘት ነው። ቲል የምትባለው ትንሿ ዳክዬ ግን ወንዱ ጫጩት ጫጩት የሚል አጭር ፒፕ ይላል። ፉጨቷ ያንን ታወጣለች። የማላርድ ወንድ ድምፅም ይወጣባታል። እያጉረመረሙ በዝግታ ከነፏት ማለት ነው። የነቃው የጥር ማላርድ ቋክ ሲሰማ ይጠረጥራል። የወንዱን ድምፅ ግን ከሰው አልለመደውም። ሦስት ወንድና አንዲት እንስት ዓይናችን እያየ ከውሃው ማዶ ዋኝተው መጡ። አልበረሩም፣ ዋኙ። የአክስቴ ልጅ አልተኮሰም። “እነዚህ እየሄዱ እንስማቸው” አለኝ በሹክሹክታ። ወንዶቹ አንገታቸውን እያወጡ ሲያጉረመርሙ፣ እንስቷ ሳትጮህ ጉሮሮዋ ውስጥ ስታወራ ሰማኋት። ያን ድምፅ የትኛውም መጥሪያ ውስጥ አልሰማሁትም።

ከዚያ ፒንቴይል የሚባል አንድ ዳክዬ ብቻውን አለፈ። ጭራው ረጅምና ሹል ነው፣ አንገቱ ቀጭን። ከላይ ሆኖ ለስለስ ያለ የሚንከባለል ፉጨት ለቀቀ። የአክስቴ ልጅ መለሰለት። ወፉ ዞረ፣ ደግሞ አፏጨ፣ ደግሞ መለሰለት። ሁለት ዙር ተነጋግረው ሄደ።

“ይህን ድምፅ ማማ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ” አለኝ። ይህ ዝርያ በዓለም ሰሜን ዳርቻ ሁሉ ይፈለፈላል። ከአውሮፓና ከእስያ የሚነሱት በብርዱ ወራት ወርደው ጣናና ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ያርፋሉ። አካፋ አፉ ሾቭለርም እንዲሁ። ፎገራ ላይ ሩዙ ታጭዶ ውሃው የቀረበት ቦታ ክሬን ከሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ጋር ይገኛሉ። በልጅነቱ ስማቸውን የነገረው ሰው አልነበረም። ወፍ ወፍ ነው፣ ይባረራል።

የሚመጣው ጥር ላይ አብረን ወደ ፎገራ እንሄዳለን። ጠመንጃም ፈቃድም አያስፈልገንም፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርና ጆሯችን ይበቃናል። መቼ ብንሄድ ይሻላል ብለን አክስቴን ጠየቅናት። ጥምቀትን እዚያው አክብረን፣ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሐይቁ ዳር እንድንወርድ ነገረችን። ወፎቹ ከውሃ ወደ ማሳ የሚነሱት ያኔ ነው፣ ሰዓታቸውን ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።